ፎቶው ያላሳየው በሽታ

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ እንቅልፍ እናወጋለን። እንቅልፍ አላህ ለባሮቹ ከሰጣቸው ታላላቅ ጸጋዎች አንዱ ነው። ይህ ጸጋ ከሥርዓቱ ሲዛባ የሰውን ሕይወት ምን ያህል እንደሚያናጋ፣ ሊቃውንትም የችግሩን ምንጭ ፍለጋ ምን ያህል ዘመን እንደደከሙ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። በቤቱ ውስጥ የ15 ዓመት ልጅ አለች። ቀድሞ ንቁና ትጉህ ነበረች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሌሊቱን ተኝታ ብታድርም ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፤ መድረሳ ውስጥ ሙስሐፉ ፊቷ ተዘርግቶ ዓይኗ ይከደናል፤ ማዕድ ላይ እንኳ እጇ ጉርሻ እንደያዘ እንቅልፍ ይወስዳታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከእህቶቿ ጋር ስትጫወት፣ ከልቧ ስትስቅ ጉልበቷ ይከዳታል፤ አገጯ ይወድቃል፤ ቀስ ብላ መሬት ላይ ትዘረጋለች። በዙሪያዋ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፤ መመለስ ግን አትችልም። ከአፍታ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ብድግ ትላለች።

እናት «ጅን ነው» ትላለች። አባት «ስንፍና ነው» ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ «የሚጥል በሽታ ነው» ይላል። በመጨረሻ ቤተሰቡ ያለውን አሟጦ የአንጎል ፎቶ ያስነሳታል። ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ ያይና «ንጹሕ ነው፤ ምንም አይታይም» ይላል። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ «እንግዲያውስ ሆነ ብላ ነው!» የሚል ፍርድ ይሰጣል።

ይህችን ልጅ ለምሳሌ ያህል አነሳናት እንጂ ስም ያላት ልጅ አይደለችም። በሽታው ግን እውነተኛ ነው፤ ስሙም ናርኮሌፕሲ ይባላል። ጉልበት የሚከዳበት ዓይነቱ ከ2000 ሰዎች አንዱን ገደማ እንደሚይዝ ይገመታል። ለመሆኑ የአንጎል ፎቶ ንጹሕ ሆነ ማለት ባለቤቱ ጤነኛ ነው ማለት ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን የበሽታው ታሪክ ነው።

በሽታው ስም ሲያገኝ

በ1877 ዌስትፋል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በድንገት የሚያንቀላፋና ጉልበቱ የሚከዳው በሽተኛ ማየቱን ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1880፣ ዤሊኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለበሽታው ዛሬ የምንጠራበትን ስም አወጣለት። የዤሊኖ በሽተኛ የ38 ዓመት ሰው ሲሆን ሥራው የወይን ጠጅ በርሜል መነገድ ነበር። ይህ ሰው በቀን እስከ 200 ጊዜ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። ከልቡ ሲስቅ ወይም ጥሩ ገበያ አገኘሁ ብሎ ሲደሰት ደግሞ እግሮቹ ይከዱታል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሰውየውን የሚጥለው ሐዘን ወይም ድካም ብቻ ሳይሆን ደስታም ነው። ይህ በደስታ ወይም በድንገተኛ ስሜት ምክንያት ጡንቻ የሚከዳበት ሁኔታ በኋላ ካታፕሌክሲ ተባለ። ሕሊና ሳይጠፋ ሰውነት ብቻ ስለሚዝል ከሚጥል በሽታ የተለየ ነው።

በ1957 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩ ዮስና ዴሊ የተባሉ ሐኪሞች የናርኮሌፕሲን አራት ዋና ዋና ምልክቶች በአንድነት አስቀመጡ። እነርሱም የማይቋቋሙት የቀን እንቅልፍ፣ ካታፕሌክሲ፣ በእንቅልፍ መግቢያና መውጫ ላይ ሰውነት አልታዘዝ ማለቱ፣ እንዲሁም በዚያው ሰዓት የሌለ ነገር ማየትና መስማት ናቸው። በሽተኛ ሁሉ አራቱም ይኖሩበታል ማለት ግን አይደለም።

ዱካክ እና ቀደምት ሐኪሞች

ሦስተኛውንና አራተኛውን ምልክት አገራችን በሌላ ስም ታውቃቸዋለች። «ዱካክ ተጫነኝ» የሚል ሰው ያላጋጠመው ማን አለ? ሰው ነቅቶ ሳለ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ደረቱ ላይ አንዳች ነገር የተቀመጠ ይመስለዋል፤ መጮኽ ይፈልጋል፤ ድምፅ የለም። ይህ ሁኔታ በጤነኛ ሰው ላይም በተለይ እንቅልፍ ሲያጣ አንዳንድ ጊዜ ይከሰታል፤ ስለዚህ ዱካክ ብቻውን የናርኮሌፕሲ ማስረጃ አይሆንም።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ቢኖር ሙስሊም ሐኪሞች ስለዚህ ጉዳይ የጻፉት ከሺህ ዓመት በፊት መሆኑን ነው። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን የቡኻራው ሐኪም አል-አኸወይኒ በፋርስኛ ባዘጋጀው የሕክምና መጽሐፍ፣ ከእርሱም ቀጥሎ ኢብን ሲና በታወቀው «አል-ቃኑን» መጽሐፉ «ካቡስ» በሚል ስም ይህንኑ መጫን ገልጸውታል። አል-አኸወይኒ መንስኤው ከጨጓራ ተነስቶ ወደ አንጎል የሚወጣ እንፋሎት ነው ብሎ ነበር። ማብራሪያው ዛሬ ትክክል ሆኖ አልተገኘም። የተመለከተበት አቅጣጫ ግን ትክክል ነበር፤ ምክንያቱን በሰውነት ውስጥ፣ በአንጎል ዘንድ ፈለገው እንጂ በሽተኛውን አልወቀሰም። ይህን ጠባይ እንያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የቪየናው ሐኪም ጥቆማ

ከ1916 አካባቢ ጀምሮ በአውሮፓ ያልታወቀ የአንጎል ትኩሳት ተስፋፋ። ከበሽተኞቹ አንዳንዶቹ ለሳምንታት ይተኛሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ ያጣሉ። በቪየና ይሠራ የነበረው ፎን ኤኮኖሞ የተባለ ሐኪም የሞቱትን በሽተኞች አንጎል በማይክሮስኮፕ መረመረ። የሚተኙትም የማይተኙትም የተጎዱት ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍልና በአካባቢው ሆኖ አገኘው፤ ልዩነቱ የሚተኙት በኋለኛው በኩል፣ የማይተኙት በፊተኛው በኩል መጎዳታቸው ነበር። ሃይፖታላመስ በአንጎል ሥር የሚገኝ፣ ክብደቱ 4 ግራም ገደማ ብቻ የሆነ፣ ረሃብን፣ ጥማትን፣ የሰውነት ሙቀትንና እንቅልፍን የሚቆጣጠር ክፍል ነው።

ፎን ኤኮኖሞ ከዚህ ተነስቶ የናርኮሌፕሲም ምንጭ እዚያው አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ሲል ጻፈ። ግምቱ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠው ግን እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በመካከሉ ባሉት አሠርት ዓመታት አንዳንድ የአእምሮ ሐኪሞች ናርኮሌፕሲን ከኑሮ ኃላፊነት መሸሻ ወይም የታፈነ ስሜት ውጤት አድርገው ይተረጉሙት ነበር። የተማረውም ሰው ቢሆን ምክንያቱን ካላየ ወደ ወቀሳ ማዘንበሉ አልቀረም ማለት ነው።

የእንቅልፍ ሞገድ

በ1924 ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ከሰው ራስ ቅል ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ ውጤቱንም በ1929 አሳተመ። ይህ ዛሬ ኢ.ኢ.ጂ. የምንለው ምርመራ ነው። በ1953 ደግሞ አዘሪንስኪና ክላይትማን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በእንቅልፍ ውስጥ ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት የተለየ ደረጃ መኖሩን አሳወቁ። አብዛኛው ሕልም የሚታየው በዚህ ደረጃ ነው። በዚህ ጊዜ አንጎል የሰውነትን ጡንቻዎች ይዘጋቸዋል፤ ባይሆን ኖሮ በሕልሙ የሚሮጥ ሰው ከአልጋው ተነስቶ በሮጠ ነበር። ሱብሓነላህ!

ጤነኛ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ከተኛ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው። በ1960 ቮገል የተባለ ተመራማሪ የናርኮሌፕሲ በሽተኛ እንቅልፍ እንደወሰደው ወዲያውኑ እዚያ ደረጃ እንደሚገባ አስተዋለ። በዚህም የበሽታው ምስጢር በከፊል ተገለጠ። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለው አጥር ላልቷል። ለሕልም የተዘጋጀው የጡንቻ መዘጋት ሰው ነቅቶ እየሳቀ ሳለ ሲመጣ ካታፕሌክሲ ይሆናል፤ ከእንቅልፍ ሲወጣ ሲዘገይ ዱካክ ይሆናል፤ ሕልሙ ራሱ ወደ ንቃት ሲሻገር የሌለ ነገር ያሳያል።

ፎቶው ዝም ሲል

በ1971 በለንደን የመጀመሪያው በሽተኛ አንጎል በሲቲ ስካን ተነሳ። በ1980ዎቹ ደግሞ ኤም.አር.አይ. ወደ ሆስፒታሎች ገባ። ሕያው ሰው ራሱ ሳይከፈት አንጎሉ መታየቱ ትልቅ ተስፋ ሰጠ። የናርኮሌፕሲ በሽተኞችም ተነሱ፤ ነገር ግን ፎቶው ከጤነኛ ሰው ፎቶ የተለየ አልነበረም። በ1990ዎቹ አንዳንድ ሐኪሞች በአንጎል ግንድ ላይ የተለየ ምልክት አየን አሉ፤ ሌሎች ሲያዩ አላገኙትም።

ምስጢሩ የተፈታው በፎቶ ሳይሆን በሌላ መንገድ ነው። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዘር ናርኮሌፕሲ ያለባቸው ውሾች ይጠኑ ነበር። እነዚህ ውሾች የሚወዱት ምግብ ሲቀርብላቸው ከደስታ የተነሳ እግራቸው ይከዳና ይወድቁ ነበር፤ ልክ እንደ በርሜል ነጋዴው። ሚኞ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አሥር ዓመት ገደማ ደክሞ በ1999 የተበላሸውን ዘረ መል አገኘ። ዘረ መሉ ሃይፖክሬቲን ለሚባል ንጥረ ነገር መቀበያ የሚሠራ ነበር። ይህ ንጥረ ነገር ራሱ የታወቀው ገና ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1998፣ በሁለት የተለያዩ ቡድኖች ነው፤ አንደኛው ሃይፖክሬቲን፣ ሁለተኛው ኦሬክሲን ብለው ስለሰየሙት ዛሬም በሁለቱ ስሞች ይጠራል። በዚያው በ1999 በያናጊሳዋ የሚመራው ቡድን ኦሬክሲን የሌላቸው አይጦች እየሮጡ ሳለ በድንገት ሲወድቁ በካሜራ ቀርጾ አሳየ።

በ2000 ጉዳዩ ወደ ሰው ተሸጋገረ። ከዘጠኝ በሽተኞች ጀርባ የተወሰደው የአከርካሪ ፈሳሽ ሲመረመር በሰባቱ ውስጥ ሃይፖክሬቲን የለም ለማለት የሚያስደፍር ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት በሞት የተለዩ በሽተኞች አንጎል ሲመረመር ይህን ንጥረ ነገር ከሚያመነጩት ሕዋሳት ከ85 እስከ 95 በመቶ የሚሆኑት ጠፍተዋል። የጠፉትም ፎን ኤኮኖሞ በጠቆመው በሃይፖታላመስ ውስጥ ነው።

ታዲያ ኤም.አር.አይ. ይህን እንዴት ሳያይ ቀረ? መልሱ በቁጥር ነው። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ሃይፖክሬቲን የሚያመነጩት ግን በጤነኛ ሰው ዘንድ 70 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞሉም ማለት ነው። እነርሱም በአንድ ቦታ ተከማችተው ሳይሆን በሌሎች ሕዋሳት መካከል ተበትነው ይገኛሉ። የተለመደው ፎቶ የሚለየው ትንሹ ነጥብ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚያች ነጥብ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይኖራሉ። ከአውሮፕላን ላይ የተነሳ የከተማ ፎቶ በየቤቱ የጠፋውን አምፖል አያሳይም። ከተማው ግን ጨልሟል።

በመኪናው ውስጥ የተነገረ ቀልድ

የፎቶው ታሪክ በዚህ አላበቃም። ከ2000 ወዲህ ተመራማሪዎች የብዙ በሽተኞችን ኤም.አር.አይ. በኮምፒዩተር ከጤነኞች ጋር ማነጻጸር ጀመሩ። አንዳንዶቹ በሃይፖታላመስ፣ አንዳንዶቹ በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል መሳሳት አየን ሲሉ፣ ሌሎቹ ምንም ልዩነት አላገኘንም አሉ።

ከዚያ ግን ሌላ ዘዴ መጣ። ይህም የአንጎልን ቅርጽ ሳይሆን ሥራውን የሚያነሳ ኤም.አር.አይ. ነው። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ኦክስጅን የያዘ ደም በብዛት ወደዚያ ስለሚፈስ መሣሪያው ያንን ይከታተላል። በ2008 በስዊዘርላንድ 12 በሽተኞችና 12 ጤነኞች መሣሪያው ውስጥ እንደተኙ አስቂኝ ሥዕሎች ታዩአቸው። የበሽተኞቹ ሃይፖታላመስ ከጤነኞቹ ያነሰ ምላሽ ሲሰጥ፣ ስሜትን የሚመለከተው አሚግዳላ የተባለው ክፍል ደግሞ ከጤነኞቹ የበለጠ ተቀሰቀሰ። በዚያው ዓመት በስታንፎርድ በካርቱን ቀልድ የተደረገ ተመሳሳይ ጥናትም በሳቅ ጊዜ የበሽተኞቹ አንጎል በተለየ መንገድ እንደሚሠራ አሳየ፤ ምንም እንኳ ስለ ሃይፖታላመስ የሁለቱ ውጤት ባይስማማም።

ስለዚህ ሳቅ ጉልበት የሚሰብረው ሰውየው ስለፈለገ አይደለም። ዤሊኖ በጆሮው ሰምቶ የጻፈው ነገር ከ128 ዓመት በኋላ በመሣሪያ ታየ። ሆኖም እነዚህ ጥናቶች ብዙ ሰዎችን ከብዙዎች ጋር የሚያነጻጽሩ ናቸው፤ የአንድን ሰው ፎቶ ብቻ አይቶ «ናርኮሌፕሲ አለበት» ወይም «የለበትም» ለማለት ዛሬም አያበቁም።

ሕዋሳቱን ምን አጠፋቸው?

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናውያን ሐኪሞች በሽተኞቹ ከሰውነት መከላከያ ኃይል ጋር የተያያዘ አንድ ዓይነት የዘር ምልክት እንደሚጋሩ አገኙ። ይህ ምልክት በብዙ ጤነኞችም ላይ ስላለ ብቻውን በሽታ አያመጣም። ሆኖም የሰውነት መከላከያ ኃይል በስህተት የራሱን ሕዋሳት አጥቅቶ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ አጠናከረ። በ2010 ደግሞ በፊንላንድና በስዊድን፣ ለ2009ኙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ተብሎ የተዘጋጀውን ፓንዴምሪክስ የተባለ ክትባት ከወሰዱ ልጆች መካከል ናርኮሌፕሲ መጨመሩ ታወቀ። በቻይናም ያው ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ በሽታው ጨምሮ ታይቷል። ያ ክትባት ዛሬ አገልግሎት ላይ የለም። ይህ የአንድ ክትባት ታሪክ ስለሆነ ልጆቻችንን ከኩፍኝና ከፖሊዮ ከሚጠብቁት ክትባቶች ጋር ማምታታት አይገባም።

ከታሪኩ የምንወስደው

ውድ አድማጮቻችን፣ ወደዚያች ልጅ ቤት እንመለስ። አሁን «ፎቶው ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ገብቶናል። ዕጢ የለም፣ የደም መፍሰስ የለም ማለት ነው። ይህም ራሱ አልሐምዱሊላህ የሚያሰኝ ትልቅ ዜና ነው፤ ፎቶውም በከንቱ አልተነሳም። «ልጅቷ ትዋሻለች» ማለት ግን ፈጽሞ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ የሚያንቀላፋ ሁሉ ናርኮሌፕሲ የለበትም። ብዙዎቻችን የምናንቀላፋው ሌሊቱን በስልክ፣ በቴሌቪዥን ወይም በጫት ስለምናሳልፍ ነው። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥም እንዲሁ ያደርጋሉ። በቂ እንቅልፍ ተኝቶ ለወራት ቀን ቀን የሚያንቀላፋ፣ በተለይም ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ግን የነርቭ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የሳቁን ነገር በግልጽ ይናገር። ሐኪሙ ካልጠየቀ በሽተኛው አይነግረውም፤ በዚህም ምክንያት በብዙ አገሮች በሽታው ስሙን እስኪያገኝ ዓመታት ያልፋሉ። መለያው ሌሊትና ቀን የሚደረግ የእንቅልፍ ምርመራ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የአከርካሪ ፈሳሽ ነው። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ እንኳ በደንብ የተነገረ ታሪክ ለሐኪሙ ትልቅ መንገድ ይከፍታል።

የጠፉትን ሕዋሳት የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። ንቃትን የሚያግዙና ካታፕሌክሲን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ግን አሉ። የጎደለውን የኦሬክሲን ሥራ የሚተካ አዲስ መድኃኒት በበሽተኞች ላይ ተሞክሮም በ2025 ተስፋ ሰጪ ውጤት ታትሟል። ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ የሚጠቅመው ደግሞ በቀን ውስጥ በተወሰነ ሰዓት የሚደረግ አጭር ሸለብታ ነው፤ ለዚህም መምህርና ኡስታዝ ሊፈቅዱ፣ ቤተሰብም ሊያመቻች ይገባል። በሽታው ያለበት ሰው ሕክምና ይዞ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ መኪና አይንዳ፤ እሳት ዳርና ከፍታ ላይም ብቻውን አይሥራ።

ዱዓ እና ሩቅያ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አያግዱም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድም ከዱዓ አያግድም። ሸሪዓችን በተኛ ሰው ላይ ምን ያህል ገር እንደሆነ የምናውቅ ሕዝቦች ነን። ሶላት ላይ እንቅልፍ የሚያሸንፈው በሽተኛ ምን ማድረግ እንዳለበት ዝርዝሩን ዑለሞቻችንን ይጠይቅ፤ እኛ ግን «ኢማኑ ደካማ ነው» የሚለውን ቃል ከአንደበታችን እናውጣ።

የቡኻራው ሐኪም ከሺህ ዓመት በፊት መሣሪያ አልነበረውም። ያየው ነገር ሊገባው ባይችልም በሽተኛውን አመነው። ዛሬ እኛ ቤት ውስጥ ሆና «ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ» ለምትል ልጅ ከፎቶው በፊት የምንሰጣት ነገር ይኸው ማመን ነው።

አላህ በሽተኞቻችንን ሁሉ ይማርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።